የወፍራሙና የቀጭኑ ዓመት

ምንዋጋው ሁለት ዜና አፉ ውስጥ ይዞ ቁልቁለቱን ይንደረደራል። ሬዲዮዋን በነጠላ ጠቅልሎ ብብቱ ስር ወሽቋታል። ከሰፌድ የማትበልጠው ሶላር ጀርባው ላይ ታስራለች፤ በዘለለ ቁጥር ፀሐይዋን ወደ ሸለቆው ትረጫለች። ከታች ገብሳቸውን ከወፍ የሚጠብቁ ሴቶች ያቺን ብልጭታ ሲያዩ «ዜናው ወረደ» ይባባላሉ።

ወይራው ጋ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ የአያ ደግሰው ግቢ ነው፣ በግራ የአያ መንግሥቴ። ምንዋጋው ሃያ ቀን ሙሉ ሲመላለስ እዚህ ጋ ቆሞ አያውቅም። የወፍራሙን ዜና ለቀኝ አድርሶ፣ የቀጭኑን ለግራ አድርሶ፣ ከሁለቱም ቤት ጠላውን ጠጥቶ ወደ እናቱ ነው። ያን ቀን ግን፣ በጥቅምት ሃያ አራት፣ እግሩ ወይራው ስር ተተከለ። ጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ ነገር አሳከከው።

«ባቀያይረውስ?» አለ ለራሱ።

ይቺ ማሳከክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰላም ነስታዋለች። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ ከትምህርት ቤት የቀረውም በእሷ ነው። ደወል ሳይደወል ተማሪ በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ ለማየት ብሎ የደወሉን ብረት ሰርቆ ደበቀው። መምህሩ ደወል ሲጠብቅ፣ ተማሪው መምህሩን ሲጠብቅ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወላጆች በዱላ መጡ። ምንዋጋው ተገረፈ። ግን የፈለገውን አይቶ ነው የተገረፈው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ አራት ነው። መብራትና ኔትወርክ ከዋግ ምድር ከጠፉ አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ስልክ ማለት ወይ የእጅ ባትሪ ነው ወይ ሚሞሪ ላይ ያለ ዘፈን ማጫወቻ። መንገድ ዝግ ነው። ሰቆጣ ምን እንደ ሆነች፣ የሄደ ልጅ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ እርዳታ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ ሰው የለም። እናውቃለን የሚሉ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ወፍራሙና ቀጭኑ።

ሁለቱም የሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። እውነተኛ ስም አላቸው፤ ነገር ግን በገደል ሚካኤል በስማቸው የሚጠራቸው የለም። የአንደኛው ዜና አንባቢ ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ አይቸኩልም። እሱ ዘንድ ነገር ሁሉ ደህና ነው፤ መንገዱ ሰሞኑን ይከፈታል፣ እህል ተጭኖ እየመጣ ነው፣ ችግር አለ ከተባለም ችግሩ በመሀላችሁ የተሰገሰገው ባንዳ ነው። ይሄ ወፍራሙ ነው። የሌላኛው ድምፅ ደግሞ የሰለለ ነው፣ ውሻ እንዳሯሯጠው ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። እሱ ዘንድ ሁሉም ነገር አልቆለታል፤ መንገዱ አይከፈትም፣ እህላችሁን ቅበሩ፣ የሸጧችሁ ወንበር ላይ የተጎለቱት ካድሬዎች ናቸው። ይሄ ቀጭኑ ነው። ሁለቱም ሲጨርሱ «ጀግናው ሕዝባችን» ይላሉ። ጀግናው ሕዝብ ገደል ሚካኤል ተቀምጦ ቅማሉን ይቀምላል።

ወፍራሙ የሚሰማው አያ ደግሰው ቤት ነበር። ደግሰው የድሮ ሚሊሻ፣ ሁለት ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር የነበረ፣ ሲቀመጥ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ የሚያጋድም ሰው ነው። ቀጭኑ የሚሰማው አያ መንግሥቴ ቤት ነው። መንግሥቴ ድቁና ተቀብሎ ለቅስና ሳይደርስ የቀረ፣ በኋላ የቀበሌው ፀሐፊ የሆነ፣ ከዚያም ሊቀመንበሩ ደግሰው ከፀሐፊነቱ ያባረረው ሰው ነው። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ የደግሰው ሚስት እትዬ ጥሩሐረግ የመንግሥቴ የገዛ እህቱ መሆኗ ነው።

መጀመሪያ ሰው ሁለቱም ጋ እየገባ ይሰማ ነበር። ከዚያ አንዱን መረጠ። ከዚያ የሌላውን ሰሚ መሳደብ ጀመረ። መስከረም ሲጠባ የወፍራሙ ሰው የቀጭኑን ሰው «ባንዳ» ይለዋል፣ የቀጭኑ ሰው የወፍራሙን «ካድሬ» ይለዋል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ በሁለት ጥግ ይቀመጣሉ። ደብሬ የሚባል ሰውዬ አለ፤ ሲናደድ በኽምጥኛ፣ ሲታረቅ በአማርኛ ነው የሚያወራው። ያን ሰሞን አማርኛው ጭራሽ ጠፋበት።

መስከረም ሲያልቅ የባትሪ ድንጋይም አለቀ። አምደወርቅ ገበያ ድረስ ተሄደ፣ የለም። ድንጋዮቹን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው፣ በጥርስ ነከሷቸው፣ ምድጃ ዳር አሞቋቸው። አንድ ቀን ወፍራሙ እንደ ሰከረ ሰው ድምፁን እየጎተተ «ጀ... ግ... ናው» ብሎ እዚያው ሞተ። የመንግሥቴም ሬዲዮ በሁለተኛው ቀን ተከተለችው።

በሰፈሩ የቀረችው የምንዋጋው ሬዲዮ ናት። የእሱ ሬዲዮ ድንጋይ አትበላም፤ በሽቦ ከሶላሯ ትጠባለች። ችግሩ ገደል ሚካኤል እንደ ስሙ ገደል ውስጥ ነው፣ ሞገድ አይገባውም። ላይኛው ቋጥኝ ላይ ካልወጡ የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው። ደግሰው ሬዲዮዋን አምጣ አለው። መንግሥቴ ለእሱ ከሰጠህ ጉድህ ይፈላል አለው። ሁለቱም ወገን ቋጥኙ ላይ አብሮ ይውጣና ይስማ ቢባል፣ ከዚያ ቋጥኝ ስንት ሰው ተወርውሮ እንደሚወርድ የታወቀ ነው።

ነገሩን የቆረጡት የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ልጁ ብቻ ይወጣል፤ የወፍራሙን የስድስት ሰዓት ዜና ሰምቶ፣ ከዚያ የቀጭኑን የስድስት ተኩል ሰምቶ፣ ለየቤቱ በአፉ ያደርሳል። ምንዋጋው በሚካኤል ሥዕል ፊት ቆሞ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊያደርስ ማለ።

እና ያን ቀን ወይራው ስር ቆሞ ያሰበው ይህንኑ መሐላ ነው። ሳይጨምር። ሳይቀንስ። በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ማን አስማለው?

ደግሞ ማሳከኩ ብቻ አልነበረም፣ የእናቱ ገብስም አለ። አባቱ ከሞተ ወዲህ የእናቱን የወለተ ገብርኤልን ሁለት ጥማድ ገብስ በየዓመቱ የሚያጭደው የሚካኤል ማኅበር ነው። የኅዳር ሚካኤል ጽዋ በተጠጣ ማግስት ሃያ አራቱ ማኅበርተኞች ማጭዳቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ዘንድሮ የደግሰው ወገን ባንዳ ባለበት ደቦ አንወጣም ብሏል፣ የመንግሥቴ ወገንም ከካድሬ ጋር አንድ ማሳ ላይ አንቆምም ብሏል። ገብሱ ደርሶ አንገቱን ደፍቷል። ጠዋት ጠዋት ከሰሜን ደመና ይመጣል። ሁለት ጥማድ ለሁለት ማጭድ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ ገብስ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም፣ ይረግፋል። ከረገፈ የከርሞው ጉሮሯቸው እዚያው መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። እናቱ ማታ ማታ ጭብጥ ዛላ ይዛ ገብታ ፍሬውን በጣቷ ትፈትሸዋለች።

ምንዋጋው እንዲህ አሰበ። አያ ደግሰው የቀጭኑን ወሬ ቢሰማ ትንሽ ወደ መንግሥቴ ጠጋ ይላል። አያ መንግሥቴም የወፍራሙን ቢሰማ ትንሽ ወደ ደግሰው ይጠጋል። መሀል ላይ ተገናኙ ማለት ነው። መሀል ላይ ደግሞ የእናቴ ማሳ አለ።

ወደ ቀኝ ዞረና የቀጭኑን ዜና ለደግሰው ቤት አወራ።

ስምንት ሰዎች ነበሩ። መንገዱ እንደማይከፈት፣ እህሉ እንደማይመጣ፣ የተቀመጡት ሰዎች ሕዝቡን እንደሸጡት ነገራቸው።  ደግሰው የጠመንጃውን ማንገቻ እያሻሸ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ወፍራሙ ዝም ብሎ አያወራም። እንዲህ ካለ የሚያውቀው ነገር አለ።»

የቀሩት ሰባቱም ጠርጥረው እንደ ነበር ትዝ አላቸው። አንዱማ ከሰኔ ጀምሮ ነው የጠረጠርኩት ብሎ ማለ።

ወደ ግራ ሲሄድ ምንዋጋው በሳቅ ሆዱን ይዞ ነበር። መንግሥቴ የወፍራሙን ዜና ሦስት ጊዜ አስደገመው፤ ፊቱ ኪሱን እንደ ተሰረቀ ሰው ሆነ። መንገዱ ሰሞኑን ይከፈታል? ይከፈታል። ቀጭኑ ነው ያለው? ምንዋጋው ሲጠየቅ የሚጎርሰው ነገር አያጣም፤ አፉን በዳቦ ሞልቶ ራሱን ነቀነቀ። መንግሥቴ እንግዲህ ተነሳና ለቤቱ ማብራራት ጀመረ። ቀጭኑ ክፉውን ጊዜ በክፉነቱ የነገረን ነው፤ ስለዚህ ደጉንም ሲነግረን ማመን አለብን አለ። ወፍራሙ ራሱ ቢሰማው ቀጥሮ ያሰራው ነበር።

ይህ ሆኖ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጉድጓዶቹ መጡ። መንግሥቴ ከነሐሴ ጀምሮ የቀጭኑን ምክር ሰምቶ ከጓሮው የእህል ጉድጓድ ቆፍሮ ጤፍና ማሽላውን ቀብሮ ነበር። አንድ ጠዋት ከነቤተሰቡ ወጥቶ እህሉን ያወጣ ጀመር፤ ሚስቱ እትዬ ሸጌ አቧራ በአቧራ ሆና ጉድጓዱን ትደፍናለች። በዚያው ቀን ከወዲያኛው ሽንተረር የዶማ ድምፅ ይሰማል፤ ደግሰው ጉድጓድ ይቆፍራል። ቆፋሪው ቀና ሲል ደፋኙን ያየዋል፣ ደፋኙ ቀና ሲል ቆፋሪውን። ሁለቱም አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዱ ቆም ብሎ «ባለፈው ወር እኮ እሱ ነበር የሚቆፍረው» አላለም።

ምንዋጋው ወይራው ላይ ተሰቅሎ ያያቸዋል። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ሰዎቹ መሀል ላይ አልተገናኙም፤ በቀጭን መንገድ ላይ እንደሚተላለፉ መንገደኞች ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ተላለፉ። ስድቡም አብሮ ተሻገረ። አሁን ደግሰው መንግሥቴን «ካድሬ» ይለዋል፣ መንግሥቴ ደግሰውን «ባንዳ» ይለዋል። ንዴቱ ያው ነው፣ እንዲያውም ትኩስ ነው። ምንዋጋው ዛፉ ላይ ሆኖ ይህን ነገር ከላይ አየው፣ ከታች አየው፣ ሊገባው አልቻለም። ሰው የሚጣላው በሰማው ነገር ካልሆነ በምንድን ነው ታዲያ?

ከዛፉ ሲወርድ እትዬ ጥሩሐረግ እንስራዋን አስቀምጣ ስሩ ቆማለች።

ይቺ ሴት ባሏ ሳያውቅ ወንድሟ ቤት ብቅ ትላለች፤ ብቅ ስትል ደግሞ ጆሮዋን ቤት ትታ አትመጣም። ትናንት ባሏ ቤት የወፍራሙ ነው ተብሎ የተወራውን ታውቃለች። ዛሬ ቅል ልትዋስ ወንድሟ ቤት ገብታ ሰዎቹ ስለ ቀጭኑ ሲያወሩ ሰማች። ቀጭኑ አለ የተባለው፣ ወፍራሙ በነሐሴና በመስከረም ድምፁ እስኪሞት ሲለው የነበረው ነው፤ ቃል በቃል። ምንዋጋው ለመካድ አፉን ሲከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሊያለቅስ ደርሶ እንዳትናገሪብኝ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። የእናቱን ገብስ ነገራት፤ ነገራት ማለትም አይቻልም፣ ታውቀዋለች።

«አታቁም» አለችው። «ባሌ ነገ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሆኑ። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ወይራው ስር ትቆምና ባሏ ያለውን ትነግረዋለች፣ እሱም ወንድሟ ያለውን ይነግራታል። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ መጣች። ደግሰው ጠመንጃውን ወልውሎ ዘይት ሲቀባ አድሯል። መንገዱ የማይከፈት ከሆነ የሸጠን ሰው በመካከላችን አለ ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ እያለ ነው። ወንድሟን ማለቱ ነው። ምንዋጋው የዚያን ዕለት ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ሬዲዮዋን ሳይከፍት ወረደና ዛሬ ሞገድ የለም አለ።

ኅዳር አስራ ሁለት ሚካኤል ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ ማኅበርተኛው ወደ ሰንበቴ ቤቱ ገባ፤ ግማሹ በምሥራቅ መደብ፣ ግማሹ በምዕራብ መደብ፣ መሀሉ ባዶ። ወለተ ገብርኤል የሟች ባሏን ቦታ ይዛ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከደግሰው ፊት አለ፤ ያን ወር የደገሰው እሱ ነበር። ተረኛው መንግሥቴ ነው። ደግሰው በገዛ እጁ አንስቶ ሊያስረክበው፣ መንግሥቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሊስመው ነው ወጉ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ዞሯል። ጽዋው ካልተላለፈ ማኅበሩ ፈረሰ፤ ማኅበሩ ከፈረሰ ደቦም የለም።

አባ ገብረ ሊባኖስ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው አበቁና «በል ደግሰው» አሉ።

ደግሰው አልተነሳም። የሚካኤልን ጽዋ ለካድሬ አልሰጥም አለ። መንግሥቴ ከባንዳ እጅ አልቀበልም ብሎ መለሰ። መንገዱ አይከፈትም አለ ደግሰው፤ ወፍራሙ ተናግሯል። ይከፈታል እንጂ፣ ቀጭኑ ተናግሯል አለ መንግሥቴ። ከምዕራብ መደብ አንዱ ዱላውን ይዞ ቆመ፣ ከምሥራቅ ሁለት ቆሙ። ደብሬ በኽምጥኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ የሰሙት ሽማግሎች አማተቡ። የደግሰው እጅ ግድግዳው ላይ ወደ ተደገፈው ጠመንጃ ሄደ።

በዚህ መሀል ከሴቶቹ ወገን ሳቅ ተሰማ። ጥሩሐረግ ናት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ልታፍነው ሞከረች፣ አልሆነም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ እንባዋ ይወርዳል። ሳቅም ፍርሃትም ነው። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያት። አባ ምን ያስቅሻል ልጄ ቢሏት መናገር አቃታትና በአገጯ ወደ ምንዋጋው አመለከተች።

ምንዋጋው መሀሉ ባዶ ወደ ሆነው ወለል ወጣ።  እናቱን አላያትም።

«አባ፣ በሚካኤል ፊት የማልኩትን አላፈረስኩም» አለ። «አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በሩን ብቻ ነው የቀየርኩት። የወፍራሙን አያ መንግሥቴ ቤት፣ የቀጭኑን አያ ደግሰው ቤት ነው ያደረስኩት።»

  አባ ገብረ ሊባኖስ ከመቼ ጀምሮ ብለው ጠየቁት፣ ከጥቅምት ሃያ አራት አለ። አባ ጭራቸውን ከትከሻቸው ወደ ትከሻቸው አዛወሩና ወደ ደግሰው ዞሩ።

«ጉድጓዱን መቼ ነው የጀመርከው?»

ደግሰው የጠመንጃውን ማንገቻ ማሻሸት ያዘ። መንግሥቴንም የአንተስ መቼ ተደፈነ አሉት። ሚስቱ ሸጌ ቀድማው በመድኃኔዓለም ማግስት ነው አባ፣ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም አለች። አባ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ። የሁለቱ መደብ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ ወለሉን አዩ።

ከዚያ የመጣው ምንዋጋው ያልጠበቀው ነው። ሁለቱ ወገኖች ታረቁ፣ በእሱ ላይ። ደግሰው ይሄ ልጅ ተጫወተብን አለ። መንግሥቴ እውነትህን ነው አለ፤ ከነሐሴ ወዲህ ለደግሰው እውነትህን ነው ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ የሚያሾፍብንን ሰው ማሳ አናጭድም። ደግሰው ጽዋውን አንስቶ ለመንግሥቴ ሰጠ፣ መንግሥቴም ተቀብሎ ሳመ።  አባ ለምንዋጋው አርባ ስግደት አዘዙት። ማኅበሩ ዳነ፣ ገብሱ ግን ሜዳ ላይ ቀረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወለተ ገብርኤል አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም፣ ያ ከስግደቱ በላይ ወገቡን ሰበረው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ብቻ ቆም ብላ አየችው።

«እና መሀል ላይ ይገናኛሉ ብለህ ነበር?»

«አዎ እማ።»

«አባትህም እንዲህ ነበር» አለች፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አላወቀም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ እናትና ልጅ በሁለት ማጭድ ጀመሩ። ደመናው ከሰሜን ጥቁር ብሎ ተኝቷል። አንድ ሰዓት ያህል እንዳጨዱ ጥሩሐረግ ማጭዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በላይኛው ጫፍ ገባች። በሳቄ ነው ያጋለጥኩህ፣ በጉልበቴ እከፍላለሁ አለችው። ጥቂት ቆይቶ ደግሰው ከኋላዋ እየተጣደፈ መጣ፤ ሚስቱን ወደ ቤት ሊመልስ ነበር አመጣጡ። ተመለሽ አላት። ይህን ሳልጨርስ አልመለስም አለችው። ሚስቱ ስታጭድ ቆሞ የሚያይ ባል በዚያ አገር ሙሽራ እንኳ ቢሆን ይሳቅበታል፤ ካቦርቱን አውልቆ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠና የእሷን ማጭድ ተቀበላት፣ እሷ ነዶ ማሰር ያዘች። ይህን ሁሉ ከማዶ መንግሥቴ ያያል። ደግሰው ገብቶ እኔ የቀረሁ እንደ ሆነ ነገ ስሜ ምን ሊባል ነው ብሎ በታችኛው ጫፍ ገባ። ደግሰው ገባ ሲባል የደግሰው ሰዎች መጡ፣ መንግሥቴ ገባ ሲባል የመንግሥቴ ሰዎች። ረፋድ ላይ ማሳው ውስጥ ከሃያ ሰው በላይ ነበር።

አብረው አጨዱ ማለት አይቻልም። አንዱ ወገን ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ፣ ማን ብዙ እንደሚያጭድ ሊተያዩ ነው። ምንዋጋው መሀል ለመሀል ነዶ እየተሸከመ ይሮጣል፣ ሁለቱም ወገን ይጮህበታል። ደግሰው ድምፁ ጥሩ ነው፤ ቀና ሳይል አወረደለት፤

ምላሱን በሶላር ያስሞላ ጎረምሳ፣
ባንዱ በር አስተኝቶ በሌላው አስነሳ።

ላይኛው ወገን ተቀበለው። ከታች መንግሥቴ ዝም ሊል አልፈለገም፤

ጉድጓዴን ደፍኜ ቤቴ ብገባማ፣
ጎረቤቴ ደሞ አንዱን ጀመረማ።

መጀመሪያ የሳቀው ደብሬ ነው። ከዚያ ሌላው ሳቀ። ደግሰው አልሳቀም፤ ግን ጢሙ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል ብላ ጥሩሐረግ በኋላ መስክራለች። «ወፍራሙ ይሄንን አልነገረህም?» ብሎ አንዱ ምንዋጋውን ቢነካካው፣ ምንዋጋው ነዶው ውስጥ ፊቱን ደብቆ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሊገናኙ የቀራቸው እርከን አንድ ብቻ ነበር። በላዩ በኩል ባለችው መንገድ ላይ ሁለት አህያ የሚነዳ ሰው ታየ። አቧራ ለብሷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ካሳ እባላለሁ አለ፤ ከሰቆጣ ነው የመጣው፣ በእግሩ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ እህል ፍለጋ ወደ አምደወርቅ ይሄዳል።

ሰቆጣ ሲል ሃያው ማጭድ ባንድ ጊዜ ቆመ። ላይኞቹም ታችኞቹም ማሳውን ረግጠው ወደ እሱ ተሰበሰቡ፤ ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ ያየ የለም። ደግሰው መንገዱስ አለ፣ መንግሥቴ በዚያው አፍታ ከተማዋስ አለ። ካሳ የእነዚህን ሰዎች ዐይን ተራ በተራ አየና ግራ ገባው።

«እኔማ የማውቀው ከቤቴ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ነው» አለ። «ስለ ሰቆጣ የሰማችሁት ካለ እናንተ ንገሩኝ እንጂ። እኛ ጋ እኮ ሬዲዮ የለም።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ምንዋጋውን አየው። ምንዋጋው አፉን ከፈተ። ወፍራሙም ቀጭኑም ሰሞኑን ስለ ሰቆጣ ብዙ ብለዋል፣ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። አፉን መልሶ ዘጋው።

ጥሩሐረግ ጠላ በቅል ቀድታ ለመንገደኛው አቀበለችው፣ ነዶ አነጠፈችለት። «ተቀመጥ» አለችው። «ከቤትህ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ንገረን።»

ካሳ ሊጠጣ ጀምሮ ቆም አለ። ያ እኮ ምንም የለውም አላት፤ ወፍጮው ቆሟል፣ ሰው በድንጋይ ይፈጫል፣ ጎረቤቴ ልጅ ወልዳለች፣ ስም ሳይወጣለት አርባው ደረሰ። ለምን ስም አልወጣለትም ብሎ ጠየቀ ደግሰው። ክርስትና አባቱ ከዝቋላ ወረዳ መምጣት ስላቃተው። በየት በኩል ሊመጣ ነበር ብሎ ጠየቀ መንግሥቴ፣ እዚያው መሬት ላይ እየተቀመጠ። ደብሬም በአማርኛ የመጀመሪያ ልጇ ነው ወይ አለ። ጥያቄው እየበዛ፣ ሰው እየተቀመጠ ሄደ፣ ካሳም አህዮቹን ማራገፍ ግድ ሆነበት።

ያልተቀመጠችው ወለተ ገብርኤል ብቻ ናት። ደመናውን አንዴ ቀና ብላ አየችና፣ ጆሮዋን ወደ መንገደኛው እንዳዘነበለች፣ የቀረችውን እርከን ማጨድ ቀጠለች።